የፊልም እድፍ

ሠላሳ አንድ ዓመት ቦሩ ሜዳ፣ የራጅ ክፍል ጨለማ ለብሼ፣
ያገር ሰው ደረት አነበብሁ፣ ፊልሙን መብራት አልብሼ።
“ትንፋሽ ያዝ” እያልሁ፣ “ልቀቅ” እያልሁ።
አጥንትማ ነጭ ነው፤ ለማንም ይታያል፤
ሙያው ግራጫው ላይ ነው፣
ጭስ መሳዩ ላይ፣
“የለም” ማለት የሚቀልለው ላይ።

ጡረታ ወጥቼ ካሜራ ብገዛ፣
ጎረቤቴ “ሠርግ ልታነሣ ነው?” አለኝ።
“አዎ” አልሁት። አልዋሸሁም፤
ሙሽራዋ ብቻ ናት ትንሽ የራቀችኝ።

ጉጉፍቱ፣ የአያ ሙሄ ጓሮ፣ ካውድማው ጥግ፣
ውርጩ ጢም ላይ የሚጋገርበት፣
የደሴን መብራት ጦሳ የጋረደበት።
ባትሪ፣ ሦስት እግር፣ ሁለት ጋቢ፣
እና የእህቴ ልጅ ዘምዘም፣ የፒያሳ ስልክ ጠጋኝ፣
ከሞተ ፎቶኮፒ ሞተር ፈታ፣
ሰማይን ተከትሎ የሚዞር እግር የሠራችልኝ።

ከኅዳር እስከ የካቲት አንድ ባዶ ቦታ ላይ አነጣጠርን፣
ከሠውር ቀንድ ዝቅ ብሎ፣ ኮከብ እንኳ የሳሳበትን።
ለሃይድሮጅን ቀይ ማጣሪያ፣ ለኦክስጅን ውሃ አረንጓዴ፤
አምስት ደቂቃ፣ ደግሞ አምስት ደቂቃ፣ ደግሞ።
እያንዳንዱ ፎቶ ብቻውን ጥቁር ነው፤ ጥቁር ከነአሸዋው።
ሲደራረብ ግን እንደ ምርት ነው፤
ገለባው በየሌሊቱ ወደየፊናው ይበናል፣
ፍሬው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይወድቃል።
ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ስምንት ፎቶ፤
ዘጠና ዘጠኝ ሰዓት፣ በጠብታ የተጠራቀመ ብርሃን።

እና አንድ ማታ ወጣ።
ቅስት፤ ከነጠላ ጫፍ የተመዘዘ ክር የሚያህል፣
መሐሉ ላይ የተበጠሰ፣ ቀይ፣
በውጭ ጠርዙ ሰማያዊ የነካካው።
መዝገቡን ሁሉ አገላበጥን፤ የለም። ማንም አልጻፈው።
ዘምዘም ዓይኗን አሸት አሸት አርጋ፣
“አጎቴ፣ ይኼማ አቧራ ነው፣
መስተዋቱ ላይ ያረፈ። እድፍ ነው” አለችኝ።
ከብርዱ በላይ አንቀጠቀጠችኝ።

ሰማንያ ዘጠኝ፣ ሐምሌ። ሐኪሙ ደሴ ወርዶ።
ጦይባ አራጋው፣ ከተሁለደሬ በእግር መጥታ፣
ቀኝ ሳንባዋ ጫፍ ላይ ግራጫ፣
የጣት አሻራ የሚያህል።
ዳር ዳሩን አየሁት። ሰልፉ ረዝሟል፤ ዝናብ መጥቷል።
“አብሽሪ” አልኋት፣ “የፊልም እድፍ ነው።”
መርቃኝ ሄደች፣ እጇን ዘርግታ፣ በሙሉ አፏ።
በስምንተኛው ወር በቃሬዛ መጣች።
ፊልሙ ሌላ ነበር፤ እድፉ ያው፣
ያው ቦታ፣ ሰፍቶ።
በሳምንቱ አልጋዋ ላይ ሌላ ሰው ተኛ።

“ካሜራውን ሩብ ዙር አዙሪው” አልሁ።
አቧራ ከሆነ ከመስተዋቱ ጋር ይዞራል፤
የሰማይ ከሆነ ከኮከቦቹ ጋር ይቀራል።
ግን ጨረቃ ሞላች፣ በልጉ ዳመነ፣
ክረምቱ ሰማዩን ከረቸመው።
ዘጠኝ ወር አንድ ክር ይዤ ተኛሁ።

አያ ሙሄ ገብሱን ሊያጭድ ሲወጣ፣
“ለመሆኑ ምን ጠፍቷችሁ ነው?” አለኝ።
“ኮከብ ነበር፤ ፈንድቶ ሞተ።”
“መቼ?”
“እንጃ፤ ብዙ ሺህ ዓመት።”
“ታዲያ ለቅሶው አላለቀም?”
“ትንፋሹ ነው ያላለቀው፤ እስካሁን እየሰፋ ነው።”
ራሱን ነቅንቆ ጭድ አመጣልን፣ እግራችን እንዲሞቅ።

በኅዳር አሥራ ሰባተኛው ሌሊት፣ ሊነጋጋ ሲል፣
የዞረውን ምስል ባልዞረው ላይ አሳረፍን።
የአቧራው ክቦች ሁሉ ቦታ ለቀዋል።
ዘምዘም ወደ ስክሪኑ ተጠጋች፤
ትንፋሿ ጉም ሆኖ ሸፈነው።
“ትንፋሽ ያዢ” አልኋት፣ ያንድ ዕድሜ ልማድ፣
በጋቢዬ ጫፍ ጠረግሁት፣
ክሩን በጥፍሬ ተከተልሁት፣ ከነስብራቱ፤
ያው ቦታ።
እንደገና። ያው ቦታ።
ስንት ጊዜ እንደተመላለስሁ አላውቅም።
ከኋላዬ፣ ጉንጯ እንዳበጠ፣ በታፈነ ድምፅ፣
“ልልቀቅ?” አለችኝ።